ለካሜራ ሌንሳችሁ ኤንዲ ፊልተር ስትመርጡ፦ መጀመሪያ አስሉ፣ ከዚያ ግዙ

ወደ ካሜራ የሚገባውን ብርሃን ስለሚቀንሰው ኤንዲ ፊልተር በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። «ኤንዲ ፊልተር ልገዛ ነው፤ የትኛውን ልግዛ?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ሠርግ የሚቀርጹ ልጆች ናቸው። ጠዋት ሙሽሪት ቤት የሚቀርጹትን አሳምረው ይሠሩታል። ቀትር ላይ ሙሽሮቹን ይዘው መናፈሻ ሲወጡ ግን ሥራው ከእጃቸው ያመልጣል። ቬሎው ነጭ ወረቀት ይመስላል፤ ጥልፉ አይታይም። ነጩን ለማዳን ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ) ሲያፈጥኑ ደግሞ ጭፈራው ይቆራረጣል። እስክስታው እስክስታ መምሰሉ ይቀራል።

መልሴ ሁሌም ከአንድ ቦታ ይጀምራል። የፊልተሩን ቁጥር ከመጠየቃችሁ በፊት ስንት ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ነው፤ ከታች አብራራዋለሁ) ብርሃን እንደሚተርፋችሁ ለኩ። ልኬቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እሱን ካወቃችሁ የሚቀረው የሌንሱን አፍ ስፋት ማየትና የመስታወቱን ጥራት መፈተሽ ነው።

ኤንዲ ፊልተር ከሌንሱ ፊት የሚታሰር ጠቆር ያለ መስታወት ነው። ሥራው ቀለም ሳይነካ ብርሃን መቀነስ ብቻ ነው። «ስቶፕ» ስል ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱን ወይም በእጥፍ መጨመሩን ማለቴ ነው። አንድ ስቶፕ ሲቀነስ ግማሹ ይቀራል። ሁለት ሲቀነስ ሩቡ፣ ሦስት ሲቀነስ ስምንተኛው ይቀራል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ካሜራችሁ እና አዘውትራችሁ የምትጠቀሙባቸው ሌንሶች በሙሉ
- ትራይፖድ
- አንድ ነጭ ወረቀት
- ጥቁር ልብስ፤ ሰው ሠራሽ ክር ያለበት ሱፍ ኮት ቢሆን ይመረጣል
- የአየር ፓምፕ እና ንጹሕ የሌንስ ጨርቅ
- ቁጥር የምትጽፉበት ስልክ ወይም ደብተር

ከመጀመራችሁ በፊት ካሜራችሁ የራሱ ኤንዲ እንዳለው አረጋግጡ። እንደ ሶኒ ኤፍኤክስ 6 እና ካኖን ሲ70 ያሉ የቪዲዮ ካሜራዎች ውስጣቸው ኤንዲ አላቸው። ሶኒ ኤፍኤክስ 3 ግን የለውም። ስማቸው ስለሚቀራረብ ያለ የመሰለው ሰው አጋጥሞኛል።

ደረጃ 1፦ ለምን ሥራ እንደምትፈልጉት ወስኑ

ይህን የማስቀድመው ሦስቱ የተለመዱ ሥራዎች ሦስት የተለያዩ ፊልተሮች ስለሚጠይቁ ነው።

ቪዲዮ ከሆነ ሻተሩ በአንድ ቁጥር ላይ ተቸንክሮ መቆየት አለበት። ብርሃኑ ሲጨምር ማስተካከያ የሚሆናችሁ ፊልተሩ ነው።

የሚፈስ ውኃን እንደ ሐር ለማለስለስ ወይም የሚሄድ ደመናን ለመሳብ ከሆነ ሻተሩ ለሰከንዶች ክፍት መሆን አለበት። ለዚህ ጠንካራ ፊልተር ያስፈልጋል።

ቀን ላይ በፍላሽ የሰው ፎቶ እያነሣችሁ ጀርባው ብዥ እንዲል ከፈለጋችሁ መካከለኛ ፊልተር ይበቃል። ብዙ ካሜራ ከፍላሽ ጋር የሚስማማው እስከ 1/200 ወይም 1/250 ሰከንድ የሻተር ፍጥነት ነው። በጠራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 100 (አይኤስኦ ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ነው) እና በ1/200 አፐርቸራችሁ፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ፣ ኤፍ 11 ላይ ይወድቃል። የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 2.8 ለመድረስ አራት ስቶፕ መቀነስ አለባችሁ። ያ ኤንዲ 16 ነው፤ ቁጥሩን ደረጃ 3 ላይ አብራራለሁ። ፊልተሩ የፍላሹንም ብርሃን ስለሚቀንስ ፍላሹ ለኤፍ 11 የሚያስፈልገውን ያህል ጉልበት እንዲያወጣ አድርጉ። ትንሽ ፍላሽ ይህን ላይችል ይችላል።

ደረጃ 2፦ የሚተርፈውን ብርሃን ለኩ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። በጉዳዩ ላይ ቆም በሉ።

ሀ. ካሜራውን ይዛችሁ ሥራ በምትሠሩበት ሰዓት ውጡ። ለሠርግ ከሆነ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሁን። የምሽት 11 ሰዓት ፀሐይ ላይ ብትለኩ የምትገዙት ፊልተር ቀትር ላይ አይበቃችሁም።

ለ. ካሜራውን አፐርቸር ቅድሚያ ወደሚሰጠው ሞድ አዙሩ። አይኤስኦን 100 አድርጉ። አፐርቸሩን በእውነት ልትቀርጹበት በምትፈልጉት ቁጥር ላይ አስቀምጡ። ለምሳሌ ኤፍ 2.8።

ሐ. ካሜራው የሚሰጣችሁን የሻተር ፍጥነት ጻፉ። በጠራ ፀሐይ ወደ 1/3200 አካባቢ ይሆናል።

መ. የምትፈልጉትን ሻተር ጻፉ። ኢትዮጵያ ውስጥ መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም ቀርጹ፤ ሻተሩን 1/50 አድርጉት። ሻተሩ የፍሬሙ ቁጥር እጥፍ ሲሆን የሰው እንቅስቃሴ ዓይን እንደለመደው ሆኖ ይታያል። አሜሪካ ያላችሁ መብራታችሁ 60 ኸርዝ ነው። በ30 ፍሬም ቀርጻችሁ ሻተሩን 1/60 አድርጉ። ቁጥሩን ከመብራቱ ጋር ካላስማማችሁት አዳራሽ ስትገቡ አምፖሎቹ ይርገበገቡባችኋል።

ሠ. አሁን ከላይኛው ቁጥር ወደ ታችኛው በግማሽ በግማሽ ውረዱ፦ 1/3200፣ 1/1600፣ 1/800፣ 1/400፣ 1/200፣ 1/100፣ 1/50። ስድስት ጊዜ ወረዳችሁ። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ስድስት ስቶፕ፣ ማለትም ኤንዲ 64 ነው።

ያው ልኬት በሌላ ሁኔታ ምን እንደሚሆን ልጨምር። በኤፍ 4 ከቀረጻችሁ አንድ ስቶፕ ይቀንሳል፤ አምስት ይበቃችኋል። ሰማዩ በከባድ ደመና ሲሸፈን በኤፍ 2.8 ሦስት ስቶፕ ገደማ ይበቃል። የዛፍ ወይም የሕንፃ ጥላ ውስጥ ሁለት ስቶፕ ገደማ ነው። ክረምት ላይ ደመናው ሲመጣና ሲሄድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሦስት ወደ ስድስት ሊመላለስባችሁ ይችላል። ይህን ልብ በሉ፤ ደረጃ 5 ላይ እንመለስበታለን።

በሎግ (ቀለሙ በኋላ በኤዲቲንግ በሚስተካከል ገርጣ ያለ ፕሮፋይል) የምትቀርጹ ጥንቃቄ አድርጉ። የሎግ ዝቅተኛው አይኤስኦ 640 ወይም 800 በሆነ ካሜራ ላይ ከፀሐይ በታች ሻተሩ ከካሜራው አቅም በላይ ይሄድና ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ይላል። የምታነቡት ቁጥር አይኖራችሁም። መፍትሔው በተለመደው የቀለም ፕሮፋይል በአይኤስኦ 100 መለካት፣ ከዚያ ለአይኤስኦ 800 ሦስት ስቶፕ መጨመር ነው። ስድስት የነበረው ዘጠኝ ይሆናል። ሎግ ጀምረው «ኤንዲ 64 ገዝቼም ይነጣል» የሚሉኝ ሰዎች ችግራቸው ይኸው ነው። ፊልተሩ አልተበላሸም፤ ሦስት ስቶፕ ጎድሎታል።

ደረጃ 3፦ የፊልተሩን ቁጥር አንብቡ

አምራቾች አንዱን ነገር በሦስት መንገድ ይጽፉታል። ግራ የሚያጋባውም እሱ ነው። አንዱ ብርሃኑ በስንት እንደሚካፈል ይናገራል። ሁለተኛው የነጥብ ቁጥር ነው። ሦስተኛው ስቶፑን በቀጥታ ይጽፋል።

- ኤንዲ 2፣ ወይም 0.3፣ ወይም 1 ስቶፕ
- ኤንዲ 4፣ ወይም 0.6፣ ወይም 2 ስቶፕ
- ኤንዲ 8፣ ወይም 0.9፣ ወይም 3 ስቶፕ
- ኤንዲ 16፣ ወይም 1.2፣ ወይም 4 ስቶፕ
- ኤንዲ 32፣ ወይም 1.5፣ ወይም 5 ስቶፕ
- ኤንዲ 64፣ ወይም 1.8፣ ወይም 6 ስቶፕ
- ኤንዲ 1000፣ ወይም 3.0፣ ወይም 10 ስቶፕ

በነጥብ ቁጥሩ እያንዳንዱ 0.3 አንድ ስቶፕ ነው። ስለዚህ 3.0 የተጻፈበትን «ሦስት ስቶፕ ነው» ብላችሁ እንዳትገዙ። አሥር ስቶፕ ነው። ያን አስራችሁ ሠርግ ላይ ብትቆሙ ቪዲዮው ይጨልማል።

ሁለት ፊልተር ስትደራርቡ ስቶፑ ይደመራል፤ የማካፈያው ቁጥር ግን ይባዛል። ኤንዲ 8 እና ኤንዲ 64 ሲደረቡ 3 ሲደመር 6፣ ዘጠኝ ስቶፕ ይሆናል። ኤንዲ 72 አይሆንም፤ ኤንዲ 512 ነው።

ደረጃ 4፦ የሌንሱን አፍ ስፋት እዩ

ሌንሱን አዙራችሁ ከፊት ወይም ከክዳኑ ጀርባ ፈልጉ። በመሃሉ ሰያፍ መስመር የተሰመረበት ክብ ምልክት አለ። ከጎኑ ያለው ቁጥር የፊልተሩ ልክ ነው። 49፣ 52፣ 55፣ 58፣ 62፣ 67፣ 72፣ 77 እና 82 ሚሊ ሜትር የተለመዱት ናቸው።

ይህን ቁጥር ከሌንሱ ርዝመት ጋር አታምታቱ። 50 ሚሊ ሜትር የሚባለው ሌንስ 50 ሚሊ ሜትር ፊልተር አይወስድም። የካኖን ኢኤፍ 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም የሚወስደው 49 ነው። የኒኮን ኤኤፍኤስ 50 ኤፍ 1.8ጂ ደግሞ 58 ነው። የካኖን ኢኤፍ 24-70 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ስሪት 82 ነው።

ሌንሶቻችሁ የተለያየ አፍ ካላቸው ለእያንዳንዱ ፊልተር አትግዙ። ለሰፊው ሌንስ ግዙ። ለቀሩት ስቴፕ አፕ የሚባለውን ማስፊያ ሪንግ ጨምሩ። ሪንጉ መስታወት የሌለው ብረት ብቻ ነው፤ ከፊልተሩ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ቀላል ነው። 49፣ 67 እና 77 ያለው ሰው አንድ የ77 ፊልተር እና ሁለት ሪንግ ይበቃዋል። ወደፊት 82 ሌንስ የመግዛት ሐሳብ ካላችሁ ካሁኑ የ82 ግዙ።

በተቃራኒው ትንሽ ፊልተር ትልቅ ሌንስ ላይ የሚያስር ሪንግም ገበያ ላይ አለ። እሱን ተዉት። የፎቶው አራት ጥግ ይጠቁራል።

ሪንግ ስትጠቀሙ አንድ የምታጡት ነገር አለ። የሌንሱ ሁድ (ፀሐይ የሚከልልለት ኮፍያ) ብዙ ጊዜ አይገባም። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን በእጃችሁ ወይም በወረቀት ሌንሱን አጥሉለት።

ፊልተሩን ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ የምታስመጡ ከሆነ ቁጥሩን በቃል አትንገሩ። የሌንሱን ምልክት ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ። 67 ተብሎ 77 የመጣለት ሰው ፊልተሩን መልሶ ለመላክ መንገደኛ መጠበቅ አለበት።

ደረጃ 5፦ ቋሚ ወይስ የሚዞር?

ቋሚው ኤንዲ አንድ መስታወት፣ አንድ ጥንካሬ ነው። የሚዞረው ደግሞ ቀለበቱን ስታዞሩት የሚጠቁርና የሚነጣ ነው። ውስጡ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ፖላራይዘሮች አሉ። አንዱ በሌላው ላይ ሲዞር የሚያልፈው ብርሃን ይቀንሳል።

ለሠርግና ለዝግጅት ቪዲዮ የሚዞረውን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ጊዜ ነው። ደመናው ፀሐይዋን ሲሸፍን ሙሽሮቹን «ቁሙ፣ ፊልተር ልቀይር» ማለት አይቻልም። ጣታችሁን ቀለበቱ ላይ አድርጋችሁ ታዞራላችሁ፤ ቀረጻው አይቋረጥም።

ግን የሚዞረው የራሱ ጠባይ አለው። ሳታውቁት ከገዛችሁ ይጎዳችኋል።

አንደኛው በፎቶው ላይ የሚመጣው የመስቀል ጥላ ነው። ፊልተሩን እስከ መጨረሻው ጥንካሬ ስታዞሩት፣ በተለይ በሰፊ ሌንስ፣ ምስሉ መሃል ላይ ጥቁር መስቀል ይታያል። ስለዚህ «ኤንዲ ከ2 እስከ 400» ተብሎ የተጻፈበትን ሰፊ ክልል አትመኑ። የላይኛው ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅም ላይ አይውልም። ከ2 እስከ 5 ስቶፕ ወይም ከ6 እስከ 9 ስቶፕ ብሎ ራሱን የሚወስን፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀለበቱ የሚቆም ግዙ። አምራቹ ቀለበቱን ያቆመው መስቀሉ ከመምጣቱ በፊት እንዲሆን ነው።

ሁለተኛው የነጸብራቅ ነገር ነው። ፖላራይዘር ስለሆነ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ስትቀርጹ የውኃው ብልጭታ አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ይመጣል። በሰፊ ሌንስ ሰማዩ አንዱ ጎን ጠቁሮ ሌላው ይነጣል። የሙሽሮቹ መኪና የጎን መስኮት መስታወት ላይ ነጠብጣብ ይወጣል። መስታወቱ አልቆሸሸም። ሲሠራ ተግሎ በድንገት የቀዘቀዘበት አሻራ በፖላራይዘር ስለሚታይ ነው። መኪናውን ስትቀርጹ ከተቻለ በቋሚ ፊልተር ሥሩት።

ሦስተኛው፣ የሚዞረው ፊልተር ዜሮ የለውም። እስከ መጨረሻው ብታነጡትም ቢያንስ አንድ ስቶፕ ተኩል ገደማ ይወስዳል። ጥላ ውስጥ ስትገቡ ይህ ይከብዳል።

ስሌቱን አሁን አያይዙት። በተለመደው ፕሮፋይል፣ በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ 4 ከቀረጻችሁ አምስት ስቶፕ ነበር የሚያስፈልጋችሁ። ከ2 እስከ 5 ያለው ይበቃል። በሎግ፣ በአይኤስኦ 800 እና በኤፍ 4 ደግሞ ስምንት ነው። ከ6 እስከ 9 ያለውን ውሰዱ።

ለውኃ እና ለደመና ፎቶ ግን ያለማመንታት ቋሚውን ግዙ። ትራይፖድ ላይ ስለሆናችሁ የሚያጣድፋችሁ የለም። አንድ መስታወት ከሁለት የተሻለ ጥርት ይሰጣል። አንድ ኤንዲ 64 እና አንድ ኤንዲ 1000 አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናሉ።

ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ንጹሕ የሆነ ፊልተርም አለ። ለፀሐይ መግቢያ ሰማይ ነው። ሰው በሚንቀሳቀስበት ቪዲዮ ላይ ጭንቅላቱ ጥቁሩ ክፍል ውስጥ ሲገባ ይጠቁራል። ለመጀመሪያ ፊልተርነት አይሆንም።

ደረጃ 6፦ ከመክፈላችሁ በፊት ፈትሹ

ካሜራችሁን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ባለ ሱቁ መሞከር ከከለከላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ፍተሻው ይህ ነው፦

1. ቀለም። ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ) ከአውቶ አውጡና በአንድ ቁጥር አስሩት፤ ለቀን ብርሃን 5600 ኬልቪን ይሁን። ነጩን ወረቀት ያለ ፊልተር አንሡ። ፊልተሩን አስራችሁ ሻተሩን በማዘግየት ያንኑ ያህል ብርሃን አስገቡና ድገሙት። ሁለቱን ጎን ለጎን እዩ። ትንሽ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ማለቱ ይስተካከላል። አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ካለ ተዉት፤ የሐበሻ ፊት ላይ ያ ቀለም ሲወድቅ ለማስተካከል ብዙ ያደክማል። አውቶ ላይ ከተዋችሁት ካሜራው ራሱ እያስተካከለ ጉድለቱን ይደብቅባችኋል።

2. ጥቁር ልብስ። ጥቁሩን ኮት ፀሐይ ላይ ዘርጉና ከኤንዲ 64 ጀምሮ ባለው ፊልተር ቅረጹት። ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ፊልተሩ የሚታየውን ብርሃን እየቀነሰ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ጨረር እያሳለፈ ነው። የኢንፍራሬድ መከላከያ ያለው፣ አይአር ኤንዲ የሚባለውን ጠይቁ። ይህን ፍተሻ የተማርኩት በአንድ ሠርግ ነው። የስድስት ሚዜዎች ጥቁር ሱፍ የተቃጠለ ቡና መስሎ ወጣብኝ። ፊታቸውና ቬሎው ትክክል ስለነበር አጠቃላይ ቀለሙን በመንካት የሚስተካከል አልነበረም። ልብሱን ብቻ ለይቼ ሳስተካክል አራት ሌሊት ፈጀብኝ። የመልስ ካባ ጥቁር ሲሆንም ይኸው ሊያጋጥም ይችላል።

3. ጥርት። ዙም ሌንስ ካላችሁ ረጅሙ ጫፍ ላይ አድርጉ። ርቆ ያለ ጽሑፍ በትራይፖድ ያለ ፊልተርም በፊልተርም አንሡ። አስፍታችሁ አወዳድሩ። መጥፎ መስታወት በሰፊው ጫፍ ላይ ሳይታወቅ በረጅሙ ላይ ይጋለጣል።

4. መስቀል። የሚዞር ከሆነ ሌንሱን በጣም ሰፊው ላይ አድርጋችሁ ወደ ባዶ ነጭ ግድግዳ አነጣጥሩ። ቀለበቱን ቀስ ብላችሁ ከጫፍ ጫፍ አዙሩ። መስቀሉ የሚጀምርበትን ቦታ እዩ። ከምትፈልጉት ስቶፕ በፊት ከመጣ ፊልተሩ አይሆናችሁም።

5. ጥርሱ። ወደ ሌንሱ ስታስገቡት ያለ ጉልበት መግባት አለበት። ከነሐስ የተሠራ ቀለበት ከአልሙኒየሙ ይልቅ ሌንሱ ላይ አይነክስም።

በብርሃን ሥር ያዙትና ፊቱንም እዩ። ጥሩ ሽፋን ያለው መስታወት ላይ የአምፖሉ ነጸብራቅ ደብዛዛና አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ የተቀላቀለበት ነው። እንደ መስታወት ነጭ ሆኖ የሚያበራ ከሆነ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትቀርጹ ምስሉ ላይ ነጸብራቅ ይጥልባችኋል።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያውን ሥራ ሥሩበት

በቪዲዮ ሥራ ቅደም ተከተሉን አትለውጡ። ፍሬሙን፣ ሻተሩን፣ አይኤስኦውን እና አፐርቸሩን አስተካክላችሁ ቆልፉ። ከዚያ ፊልተሩን አዙሩ። ቬሎው፣ ነጠላው ወይም ጋቢው ላይ ጥልፉና ጥለቱ እስኪታይ ድረስ አጥቁሩ። ነጭ ልብስ አንዴ ከነጣ አይመለስም፤ ፊት ግን ትንሽ ቢጨልም በኤዲቲንግ ይነሣል። በመጨረሻ ነጩን ወረቀት ፊልተሩ እንደታሰረ አሳዩትና ዋይት ባላንስ ያዙ።

ለውኃ ፎቶ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለውን ጢስ ዓባይን እንውሰድ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጉ። ያለ ፊልተር ፎከስ አድርጉና ፎከሱን ወደ እጅ አዙሩ። አሥር ስቶፕ ከታሰረ በኋላ ካሜራው ፎከስ መፈለግ ያቅተዋል። ደመናማ ቀን በኤፍ 11 እና በአይኤስኦ 100 ሻተሩ 1/60 ከሆነ ኤንዲ 64 ወደ አንድ ሰከንድ ያወርደዋል። ውኃው ይለሰልሳል፣ ቅርጹ ግን አይጠፋም። ኤንዲ 1000 ብታስሩ 17 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ያኔ ፏፏቴው ቅርጽ የሌለው ጭጋግ ይሆናል። ለደመና ጉዞ ጥሩ ነው፤ ለፏፏቴ ግን አንድ ሰከንዱን እመርጣለሁ።

ውስጡ መስታወት ያለው (ዲኤስኤልአር) ካሜራ ከሆነ የዓይን ማያውን ሸፍኑ። በረጅም ሻተር ከኋላ የሚገባ ብርሃን ፎቶው ላይ ነጭ ጉም ይጥላል። በሁለት ሰከንድ መዘግየት አንሡ፤ የጣታችሁ ግፊት ካሜራውን እንዳያንቀጠቅጠው። የፏፏቴው ጢስ ፊልተሩን ስለሚያርሰው ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት መስታወቱን እዩ።

ማስጠንቀቂያ

ኤንዲ ፊልተር ዓይናችሁን ከፀሐይ አይጠብቅም። ኤንዲ 1000 አስራችሁም ቢሆን በካሜራው መነጽር በኩል ፀሐይን ወይም የፀሐይ ግርዶሽን በቀጥታ አትመልከቱ። የማይታየው ጨረር ያልፋል፤ ዓይን ሳያም ሊጎዳ ይችላል። ለፀሐይ የተሠራ የተለየ ፊልተር አለ፤ ብዙ እጥፍ ይጠቁራል።

ፊልተር ሌንሱ ላይ ከነከሰ በጉልበት ጨምቃችሁ አታዙሩት። ስትጨምቁት ቀለበቱ ይጣመምና ይብሳል። የጎማ ጓንት አድርጋችሁ ወይም ሰፊ ላስቲክ ዙሪያውን ጠምጥማችሁ በለስላሳ እጅ አዙሩ።

አቧራ ያለበትን ፊልተር በሸሚዝ ወይም በነጠላ ጫፍ አትጥረጉ። አሸዋው መስታወቱን ይቧጭረዋል። መጀመሪያ በፓምፕ አንፉ፣ ከዚያ በሌንስ ጨርቅ ጥረጉ።

ተደጋግመው የማያቸው ስህተቶች

ሰፊ ሌንስ ላይ የዩቪ ፊልተሩን (ሌንሱን ለመጠበቅ የሚታሰረውን) ሳያወልቁ ኤንዲውን ከላይ ማሰር። ሁለቱ ሲደራረቡ ጥጎቹ ይጠቁራሉ፤ በሁለቱ መካከልም ነጸብራቅ ይፈጠራል። ዩቪውን አውልቁ።

ከሁሉም የረከሰውን፣ ክልሉ ሰፊ የሆነውን የሚዞር ፊልተር መግዛት። ውድ ሌንስ የሚያየው በፊልተሩ በኩል ነው። ገንዘብ ካጠረ ከርካሽ የሚዞር ይልቅ ደህና ቋሚ ኤንዲ 64 አንድ ብቻ ግዙ፤ ቀሪውን በአፐርቸር አስተካክሉ።

ፊልተር ላለመግዛት አፐርቸሩን ኤፍ 22 ማድረስ። ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ግን ጀርባው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ምስሉም በጠቅላላ ይደክማል። በጣም ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ብርሃኑ ስለሚበተን ነው። ካሜራው ሴንሰር ላይ ያለው ጉድፍም ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታያል።

ሁለት ካሜራ ይዞ ሁለት የተለያየ አምራች ፊልተር ማሰር። የአንዱ ቀለም ከሌላው አይገጥምም፤ እያንዳንዱ ቅያሬ ላይ ይታያል። ሁለቱንም ከአንድ አምራች፣ አንድ ዓይነት ግዙ።

የመጨረሻው በየሠርጉ የሚደገመው ነው። ከመናፈሻ ወደ አዳራሽ ሲገባ ፊልተሩን መርሳት። ካሜራው አውቶ አይኤስኦ ላይ ከሆነ ጨለማውን ለማካካስ ቁጥሩን ሰማይ ያደርሰዋል። በትንሹ ስክሪን ላይ ምንም አይታይም፤ ቤት ስትደርሱ ግን ምስሉ በአሸዋ የተሞላ ይሆናል። የሌንሱን ክዳን ሁሌ ከፊልተሩ ቦርሳ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አኑሩ። ክዳኑን ስታወጡ ፊልተሩ ትዝ ይላችኋል። አዳራሹ በር ላይ አይኤስኦውን አንዴ እዩት፤ ከ6400 በላይ ካለ መጀመሪያ እጃችሁን ወደ ሌንሱ ስደዱ።